«ካርድ ማውጣት ግድ ነው?»

የአእምሮ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም የማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የሕክምና፣ የነርሲንግና የፋርማሲ ተማሪዎች ታመው ወደ እኔ ሲመጡ፣ ብዙዎቹ ሕመማቸውን ሳይናገሩ በፊት «ዶክተር፣ ካርድ ማውጣት ግድ ነው?» ይሉኛል።

መጠየቃቸው አያስገርምም። ካርዱ ከካርድ ክፍል ወጥቶ በስንት ሰው እጅ አልፎ ነው ጠረጴዛዬ ላይ የሚደርሰው። በምመረምርበት ክፍል ደግሞ ለአታችመንት የተመደቡ ተማሪዎች ተቀምጠው ሂስትሪ ይወስዳሉ። የልጁን ገመና የሚሰማው የዶርም ጓደኛው ሊሆን ይችላል። እኔም ብሆን ነገ ቫይቫ የምፈትነውና ውጤት የምሞላለት መምህሩ ነኝ።

ስለዚህ በጨጓራ እያሳበቡ ይመጣሉ። አንድ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ (ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ) ብቅ ያለው ተመላላሽ ታካሚዎች ከሄዱ በኋላ ነበር። ነጭ ጋውኑን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከትቶታል። ራሴን ያመኛል፣ ምግብ አልበላ ብሎኛል፣ እንቅልፍ የለኝም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጭንቀትን ለመለየት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅም የሚጀምረው በእነዚሁ ሦስቱ ነው።

ቀስ እያልኩ ስጠይቀው የሆዱን አወጣው። በትምህርት ቤቱ ሰቃይ ነበር፤ እዚህ ግን አብረውት የገቡት ሁሉ ሰቃዮች ናቸው፤ አንድ ፈተና ወደቀ። እናቱ ገና ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጀምሮ «ዶክተሬ» ነው የሚሉት፤ መውደቁን እንዴት ይንገራቸው? ሌሊት ለማንበብ ጫት ጀመረ። ጫቱ ያነቃል፣ እንቅልፍ ግን ይነሳል፤ ያለ እንቅልፍ ደግሞ የተነበበው አእምሮ ውስጥ አይቆይም። በዚህ ላይ ሂስትሪያቸውን ወስዶ፣ ኬዛቸውን ራውንድ ላይ ያቀረበላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ሲገባ አልጋቸው ተነጥፎ ባዶ ነው። ራውንዱ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ስለ እሳቸው ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እሱም አልጠየቀም።

ይህ ልጅ ደካማ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ከሕክምና ተማሪዎች 27.2 በመቶው ድባቴ ወይም የድባቴ ምልክት እንዳለባቸው አግኝቷል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ምልክቱ ከታየባቸው ውስጥ የአእምሮ ሕክምና የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ እየዋሉ እያደሩ ሳይታከሙ ይቀራሉ! ድባቴ ደግሞ የሚታከም ሕመም ነው፤ የንግግር ሕክምና አለ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሥራት የሚጀምሩ መድኃኒቶችም አሉ። ያ ተማሪም ታክሞ ወደ ዋርዱ ተመልሷል።

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. የጄኔቫውን የሐኪሞች ቃለ መሐላ ሲያሻሽል፣ ሐኪሙ የራሱንም ጤና እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ቃል ጨምሮበታል። እኛ ግን ተማሪውን ይህን አስምለን እናስመርቀዋለን እንጂ፣ ተማሪ ሳለ ሳይፈራ የሚታከምበትን በር አልከፈትንለትም።

የየኮሌጁ ዲኖች ሆይ፣ ተማሪን የሚያክመው ሰው ውጤት የሚሰጠው ሰው አይሁን። ካርዱ በስም ሳይሆን በኮድ ይያዝ፤ ለብቻውም ይቆለፍበት። የክፍል ጓደኞቹ ምርመራው ላይ አይቀመጡ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ መሥራት አያስፈልግም።

አንተም ተማሪው፣ አንቺም ተማሪዋ፣ ሐዘኑ ወይም የምትወዱትን ነገር መጥላቱ በየቀኑ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ፈተናው እስኪያልፍ አትጠብቁ፤ ታከሙ። የመሞት ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ብቻችሁን አትሁኑ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።