የመስጂድ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፦ ቂብላን በፀሐይ ጥላ የመለያ ዘዴ

በገጠር ቀበሌዎች መስጂድ የሚሠራው በአብዛኛው በኅብረተሰቡ የጋራ ላብ ነው። አንዱ ድንጋይ ያቀርባል፤ ሌላው እንጨት ያዋጣል፤ ከቀያቸው ርቀው የሚኖሩ ተወላጆች ደግሞ ገንዘብ ይልካሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ መሠረት በሚቆፈርበት ዕለት ግን ከሲሚንቶና ከአሸዋ አስቀድሞ መልስ የሚሻ አንድ ጥያቄ አለ፤ ቂብላው በየት በኩል ነው? ጥያቄው በግምት ከታለፈ ስህተቱ የሚታወቀው ግድግዳው ከቆመና ጣሪያው ከተመታ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው አማራጭ ምንጣፉን ከግድግዳው ጋር አሰናክሎ በአግድሞሽ ማንጠፍ፣ ወይም በብዙ ድካም የተሠራውን ማፍረስ ይሆናል።

ቂብላ ማለት ሙስሊሞች ሶላት ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚያዞሩበት፣ በመካ ከተማ ወደሚገኘው ካዕባ የሚያመራው አቅጣጫ ነው። በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያው ቂብላ ኢየሩሳሌም ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ ወደ መዲና ከተሰደዱ ከ16 ወይም ከ17 ወራት ገደማ በኋላ ግን ቂብላው ወደ ካዕባ እንዲዞር ተደርጓል።

ከኢትዮጵያ ሲታይ ካዕባ በየት በኩል ነው?

አቅጣጫው እንደ ሀገሩ ይለያያል። ጅዳ የኖረ ሰው ወደ ምሥራቅ፣ ሪያድ የኖረ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ፣ ዋሽንግተን የሚኖር ደግሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ ሲሰግድ ይቆያል። ወደ ሀገሩ ሲመለስ ግን የለመደው አቅጣጫ አያገለግለውም። መካ ከኢትዮጵያ በስተ ሰሜን ስለምትገኝ የሀገራችን ቂብላ በጥቅሉ ወደ ሰሜን ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም አካባቢ በትክክል ወደ ሰሜን አይዞርም። ደሴና ኮምቦልቻ ከካዕባ ጋር በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ያሉ ያህል በመሆናቸው ቂብላቸው ከሰሜን የሚርቀው ቢበዛ በ1 ዲግሪ ነው። ከእነርሱ በስተ ምዕራብ ያሉ ከተሞች ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላሉ፤ አዲስ አበባ ወደ 5፣ ጅማ ወደ 12፣ ባሕር ዳር 13፣ ጎንደር ደግሞ 14 ዲግሪ ያህል። በስተ ምሥራቅ ያሉት በተቃራኒው ወደ ምዕራብ ያዘነብላሉ፤ ሰመራ ከ6 እስከ 7፣ ሐረር 10፣ ጅግጅጋ 13 ዲግሪ ያህል። ስለዚህ ከደሴ የሄደ ግንበኛ የለመደውን ይዞ ጎንደር ላይ በቀጥታ ወደ ሰሜን ቢቀይስ፣ የሚሠራው መስጂድ ከቂብላው ጉልህ በሆነ መጠን ይርቃል።

ሰሜንን በችካልና በሲባጎ ማግኘት

ሰሜንን በትክክል ለማወቅ ፀሐይ የወጣበት አንድ ቀን፣ ቀጥ ያለ ዘንግና ሲባጎ ይበቃሉ። ሰዓትም ስልክም አያስፈልግም። በተስተካከለ መሬት ላይ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ይተከልና ቀጥ ማለቱ በቱንቢ ይረጋገጣል። ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያም ሲባጎውን ከዘንጉ ሥር አስሮ በዚያ ምልክት ላይ የሚያልፍ ክብ መሬት ላይ ይሠመራል።

ጥላው እስከ ቀትር ድረስ እያጠረ ይሄድና ከቀትር በኋላ መልሶ ይረዝማል። ከሰዓት በኋላ ጫፉ ክቡን ዳግመኛ በሚነካበት ቅጽበት ሁለተኛው ምልክት ይደረጋል። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ነው። ይህን መስመር በግንበኛ ስኳድራ ቀጥ አድርጎ የሚያቋርጠው መስመር ደግሞ ሰሜንና ደቡብን ያሳያል። የፀሐይ መውጫን በቀኝ እጁ በኩል አድርጎ የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው።

የቀረው የአካባቢውን ዝንባሌ መጨመር ነው። በሰሜኑ መስመር ላይ 1 ሜትር ይለካና ከዚያ ነጥብ ወደ ጎን ይኬዳል፤ ለአዲስ አበባ 8፣ ለጅማ 20፣ ለባሕር ዳር 23፣ ለጎንደር 25 ሴንቲ ሜትር ወደ ምሥራቅ፤ ለሐረር 18፣ ለጅግጅጋ 23 ሴንቲ ሜትር ወደ ምዕራብ። ለደሴ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ከመነሻው እስከ አዲሱ ነጥብ የሚዘረጋው ሲባጎ የቂብላው መስመር ነው። ለመሠረት ቅየሳ መስመሩን እስከ 10 ሜትር ማርዘም ይሻላል፤ በዚህ ጊዜ የተጠቀሰው ቁጥር በ10 ይባዛል።

ፀሐይ ከካዕባ አናት ላይ ስትሆን

በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በካዕባ ትክክል አናት ላይ ትሆናለች። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ግንቦት 19 ወይም 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሐምሌ 8 ወይም 9 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ነው። የኢትዮጵያና የሳዑዲ ዓረቢያ ሰዓት አንድ ስለሆነ ስሌት አያስፈልግም። በዚያች ደቂቃ ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የሚያመለክተው አቅጣጫ ቂብላው ነው። በእኛ ሀገር ጥላው በዚያ ጊዜ ወደ ደቡብ ስለሚወድቅ ቂብላው በተቃራኒው እንጂ ጥላው በወደቀበት በኩል አይደለም። የሐምሌው ዕድል በክረምት ደመና ሊሸፈን ስለሚችል የግንቦቱን መጠቀም ይመረጣል።

ዘዴው ቀላል ቢመስልም በኢትዮጵያ ጥንቃቄ ይሻል። ለመካ ቅርብ በመሆናችን በዚያ ሰዓት ፀሐይ ለእኛም አናት ልትሆን ጥቂት ብቻ ይቀራታል፤ ደሴ ላይ የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ 18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጥላው እንዲህ ሲያጥር ትንሿ ስህተት ትጎላለች። የዘንጉ አናት በ1 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ካዘነበለ አቅጣጫው 3 ዲግሪ ያህል ይስታል፤ 5 ደቂቃ ያሳለፈ ሰው ደግሞ ከ6 ዲግሪ በላይ ይሳሳታል። ስለዚህ ሰዓቱን አስቀድሞ ማስተካከልና በዘንግ ፈንታ ከባድ ነገር የታሰረበት ረጅም ሲባጎ ከከፍታ አንጠልጥሎ የሲባጎውን ጥላ ማሥመር ይመከራል። የተንጠለጠለ ሲባጎ በራሱ ቀጥ ይላል። በአንጻሩ ቀኑ በሁለትና በሦስት ቀን ቢዛነፍ ለውጡ ከ1 ዲግሪ ስለማይበልጥ፣ በዕለቱ ደመና የገጠመው ሰው በማግስቱ በዚያው ደቂቃ ሊሞክር ይችላል።

ስልክና ኮምፓስ

በስልክ የሚገኙ የቂብላ መፈለጊያዎች ብዙ ናቸው። ስሌታቸው ትክክል ቢሆንም በስልኩ ውስጥ ያለው አቅጣጫ ጠቋሚ በማግኔት ስለሚሠራ በአቅራቢያው ያለ ብረት ያስተዋል። ፌሮ በተከመረበት የግንባታ ቦታ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም መኪና አጠገብ የተገኘ ንባብ አያስተማምንም። ኮምፓስም ቢሆን ችግሩ ተመሳሳይ ነው። የተሻለው ከብረት ርቆ፣ በተለያዩ ቦታዎች ደጋግሞ መለካትና ውጤቱን ከጥላው ጋር ማመሳከር ነው።

ከሶላት ባሻገር

ቂብላን ማወቅ የሚያስፈልገው ለመስጂድ ብቻ አይደለም። በእስልምና ሥርዓት የሞተ ሰው በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ቂብላ ዞሮ ይቀበራል። በመሆኑም እንደ ወሎ ባሉ አካባቢዎች መቃብሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተቆፍሮ ራስጌው በምሥራቅ በኩል ይሆናል። ለእርድ የቀረበ እንስሳም ወደ ቂብላ እንዲዞር ይወደዳል። መጸዳጃ ቤት ሲሠራ ደግሞ ለቂብላ ፊትም ጀርባም ላለመስጠት ሲባል መቀመጫውን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማዞር ይመረጣል። ክልከላው በግድግዳ በተከለለ ቦታም ይሠራ እንደሆነ ሊቃውንት ቢለያዩም፣ ከመሠራቱ በፊት ማዞሩ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ነባር መስጂድ ዘንበል ብሎ ቢገኝስ?

ከካዕባ ለራቀ ሰው አቅጣጫውን ማግኘት ይበቃዋል የሚለው የብዙ ሊቃውንት አቋም ሲሆን፣ በሻፊዒ መዝሀብ ዘንድ ካዕባን ራሱን ማለም ይገባል የሚለው አቋም ጎልቶ ይታወቃል። በዚህም የተነሳ በጥቂት ዲግሪ ያዘነበለ ነባር መስጂድ ሲገኝ ጉዳዩን የሚፈቱት የአካባቢው ዑለማዎች ናቸው። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ሶፍ መካከል የሚያስነሳው ክርክር ጀመዓን ከመከፋፈል አያልፍም፤ ልኬቱን ይዞ ወደ ኢማሙና ወደ መስጂዱ ኮሚቴ መሄድ ግን መፍትሔ ያመጣል።

ለአዲስ ግንባታ ግን ሰበብ የለም። መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት አንድ ፀሐያማ ቀን ለጥላው መስጠት፣ ውጤቱንም ኢማሙ፣ ሽማግሌዎችና ግንበኛው ባሉበት በችካል ማጽናት ይገባል። ያ አንድ ቀን ለብዙ ትውልድ የሚሰገድበትን አቅጣጫ ይወስናል።