በደም ውስጥ የሚጓዘው የካንሰር ዘር

ገበሬ አረምን የሚፈራው በበቀለበት ማሳ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ዘሩ ወደ ሌላው ማሳ ስለሚሻገር ነው እንጂ። የሳንባ ካንሰርም እንዲሁ ነው። በተወለደበት ቢቀር ኖሮ ሐኪም ቆርጦ ባወጣው ነበር፤ ነገር ግን ከእብጠቱ የተለዩ ሕዋሳት ከደም ጋር እየተጓዙ ወደ አንጎል፥ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት ይደርሳሉ። አንባቢ ሆይ፥ ሕዝባችን የሳንባ ነቀርሳ የሚለው ቲቢን ስለ ሆነ፥ ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ደዌ ከዚያ የተለየ መሆኑን ያስተውሉ።

በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. ቶማስ አሽዎርዝ የተባለ ሐኪም በአውስትራልያ፥ በካንሰር የሞተውን ሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፥ የእብጠቱን ሕዋሳት የሚመስሉ ሕዋሳት አገኘ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ1889 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፓጀት ሕዋሱን በዘር፥ የሚያርፍበትን የሰውነት ክፍል በመሬት መስሎ፥ ዘሩ የሚበቅለው በተስማማው መሬት መሆኑን አስረዳ።

ይህን ዘር ፈልጎ ማግኘት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ቢሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳት ሲኖሩ፥ የካንሰሩ ሕዋሳት ቢገኙ ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ሊቃውንት ልዩ ልዩ ዘዴ አበጁ። አንደኛው፥ ኤፕካም የተባለውን የሕዋስ ገጽ ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ ከደቃቅ ብረት ጋር አጣምሮ በማግኔት መሳብ ነው። ሴልሰርች የተባለው መሣሪያ በዚህ መንገድ በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያሉትን ይቆጥራል፤ በአሜሪካም በ2004 ለተዛመተ የጡት ካንሰር ተፈቀደ። ሆኖም አንዳንዱ ሕዋስ ለጉዞ ሲነሣ ኤፕካምን ስለሚጥል ከማግኔቱ ያመልጣል። ሁለተኛው ዘዴ፥ የካንሰር ሕዋስ ብዙ ጊዜ ከደም ሕዋስ ስለሚተልቅ፥ ደሙን በረቂቅ ወንፊት ማጥለል ነው።

ጥቅሙ ምንድር ነው? በ2011 የማንችስተር ተመራማሪዎች 101 የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን መርምረው፥ በ7.5 ሚሊ ሊትር ደማቸው 5ና ከዚያ በላይ ሕዋሳት የተገኘባቸው ዕድሜያቸው ያጠረ መሆኑን አስታወቁ። በ2008ም በቦስተን፥ ከተያዙት ሕዋሳት ውስጥ ለመድኃኒት ምርጫ የሚጠቅመውን ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. የተባለውን የጂን ለውጥ ለይተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሰጠው በ2014 ከፈረንሳይ ከተማ ከኒስ የተሰማው ነበር። ሥር የሰደደ የትንፋሽ መቸገር ሕመም ካለባቸው 168 ሰዎች መካከል በ5ቱ ደም እነዚህ ሕዋሳት ተገኙ፤ ከ1 እስከ 4 ዓመት ቆይቶም በአምስቱም ሳንባ ላይ ካንሰር ታየ፤ ገና በጅምሩ ሳለም ተቆርጦ ወጣ። ብዙዎች ደስ አላቸው። ነገር ግን ይኸው ምርመራ በ21 የፈረንሳይ ሕክምና ማእከሎች በ614 ሰዎች ላይ ሲፈተን፥ በ2020 እንደ ተገለጸው፥ ካንሰር ካለባቸው ሩብ ያህሉን ብቻ አመለከተ። ሊቃውንቱም ተስፋቸውን ያፈረሰውን ውጤት ሳይሸሽጉ አሳተሙት፤ ይህ ለእውነተኛ ትምህርት ክብር ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ፥ «ጥቂት ደም ስጡኝና በሳንባችሁ ካንሰር መኖር አለመኖሩን ልንገራችሁ» ቢል፥ ቤተ ሰብ ላሙንና መሬቱን ሸጦ አይከተለው። «ንጹሕ ነህ» የሚለውም ቃል በሽተኛውን ሊያዘናጋው ይችላል። በ2011 በአሜሪካ በተፈጸመው ታላቅ ጥናት፥ ብዙ ሲጋራ ያጨሱትን ሰዎች ደረት በዝቅተኛ ጨረር ሲቲ ስካን መመርመር በሳንባ ካንሰር የሚሞተውን ቍጥር በ20 በመቶ ቀንሶታል።

አባት ሲያስለው ሰንብቶ፥ አክታው ደም ቀላቅሎ፥ ሰውነቱም ከስቶ ሳለ «ብርድ ነው፥ ያልፋል» ቢል፥ ልጆቹ ዝም አይበሉት፤ ደግፈው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። በኪሱ ያለውንም ሲጋራ በትሕትና ለምነው ያስጥሉት። ዘሩ ከማሳው ሳይወጣ አረሙን መንቀል ይሻላልና።