ከሰል በቤት ውስጥ፦ የማይታይና የማይሸት መርዝ

ብዙዎቻችን ያደግነው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ምግብ በሚሠራበት ቤት ነው። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ወደ 2 ቢሊዮን የሚሆኑ ሰዎች የሚያበስሉት ጭስ በሚያወጣ ማገዶ ነው። አገር ቤት ቡና የሚፈላው አብዛኛውን ጊዜ በረንዳ ላይ ወይም አየር በሚገባበት ማድቤት ነው። እዚህ ያሉ ቤቶች ግን ብርድ እንዳያስገቡ ተደርገው የተሠሩ በመሆናቸው አየር እንደ ልብ አይገባም፤ አይወጣምም።

አደጋው ምንድን ነው?
ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለጽንስ፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለልብ ሕመምተኞች ይበልጥ አደገኛ ነው።

ምልክቶቹ
• ራስ ምታትና ማዞር
• ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ
• ድካም፣ የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት
ጉንፋን ሊመስል ይችላል። በቤቱ ያሉ ሰዎች አብረው ከታመሙ ጋዙን ይጠርጥሩ።

እንዴት ይጠንቀቁ?
• ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ፤ ዕጣንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ያጭሱ።
• ከሰል ቤት ውስጥ ወይም ጋራዥ ውስጥ አያቀጣጥሉ። መስኮት መክፈት አይበቃም።
• መብራት ቢጠፋም ቤት ለማሞቅ ከሰል አይጠቀሙ።
• በመኝታ ክፍሎች አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ያስገጥሙ።

ሕመም ከተሰማዎ
ሁሉንም ሰው ይዘው ወዲያውኑ ወደ ውጭ ይውጡ፤ ከዚያም 911 ይደውሉ። ወተት መጠጣት መርዙን ከደም አያስወጣም። ሕክምናው ኦክስጅን ነው።

ለሐኪሙ ምን ይንገሩ?
«ራሴን አመመኝ» ብቻ አይበሉ። «ቤት ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ነበር» ብለው ይጀምሩ። ጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው መለኪያ ጋዙን ከኦክስጅን ስለማይለይ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። እርግጡ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፤ ሐኪሙ ምርመራውን የሚያዘው ግን ስለ ከሰሉ ሲያውቅ ነው።

እንግሊዝኛ ካስቸገረዎ «አማርኛ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። ክፍያ የለውም። ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ።