«በልቻለሁ፣ እማዬ»

ልጃችሁ፣ እህታችሁ ወይም ወንድማችሁ ውጭ አገር እየተማረ ከሆነ ባለፈው ሳምንት ስትደዋወሉ ምን ጠየቃችሁት? «እንዴት ነህ? ብርዱ እንዴት ነው? በላህ ወይ?» መልሱንም ታውቁታላችሁ። «ደህና ነኝ። ብርዱ ምንም አይልም። በልቻለሁ።» ስልኩ ይዘጋል፤ ቤቱም እፎይ ይላል።

እኔ ይህን መልስ ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ብዙውን ጊዜ እውነት አልነበረም። ዛሬ በአንድ ድርጅት የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ነገርን አሳምሮ ማቅረብ የዕለት እንጀራዬ ነው። ያን ጊዜ ለእናቴ ያቀረብኩላትን ያህል ያማረ ማስታወቂያ ግን እስካሁን አልሠራሁም።

ተወልጄ ያደግኩት ቡሌ ነው፤ ጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ ወደ ላይ ሲወጣ በሚገኘው ደጋ። ጌዴኦ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ይርጋጨፌንና ቡናን ነው። እኛ ጋ ግን የጓሮው ባለቤት እንሰት ነው፣ እርሻው ደግሞ ገብስ። ጠዋት ጉሙ እስኪነሣ ድረስ ጋቢ ሳይደርቡ መውጣት አይታሰብም። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ከያዝኩ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሠርቼ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሃንጋሪ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ደብረሰን ሄድኩ። ደብረሰን ከቡዳፔስት ቀጥሎ የሃንጋሪ ትልቋ ከተማ ናት። ስሟን የሰሙ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ «ደብረ ብርሃን አጠገብ ናት እንዴ? ታዲያ ይህ ሁሉ ሽኝት ለምንድን ነው?» ብለው አስቀውን ነበር።

43,700 ፎሪንት ስንት ነው?

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልንገራችሁ፤ ብዙው ውሸት የሚጀምረው ከዚህ ነውና። ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የሚባለው ይህ ዕድል እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ሲሆን ብዙ ኢትዮጵያውያን ተምረውበታል። የትምህርት ክፍያ የለም፤ የሕክምና ዋስትና አለ፤ የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ አልጋ ይሰጣችኋል፣ ካልሆነም ለቤት ኪራይ መደጎሚያ 40,000 ፎሪንት ይታሰብላችኋል። ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በየወሩ የሚከፈለው ደግሞ 43,700 ፎሪንት ነው። የአውሮፕላን ትኬት አይጨምርም። የእኔ ትኬት የተገዛው አባቴ ሁለት ከብት ሸጦ ነው፤ ቢያንስ ያን ጊዜ ሁለት ብቻ መስሎኝ ነበር።

43,700 ፎሪንት ወደ 110 ዩሮ ገደማ ነው። እኔ በሄድኩበት ጊዜ በባንክ ምንዛሪ ከ5 ሺህ ብር በላይ ይሆን ነበር። ቡሌ ላይ ይህ በየወሩ ቁጭ ተብሎ የሚገባ ገንዘብ ከሆነ ቀልድ አይደለም። ስህተቱ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ የሚበላው በፎሪንት ሆኖ ሳለ ቤተሰቡ የሚያስበው በብር ነው። አንድ ምሳ 1,500 ፎሪንት ቢሆን የወሩ ገንዘብ 29 ምሳ ማለት ነው። ቁርስ የለም፤ እራት የለም፤ ስልክ፣ ሳሙና፣ የትራም ትኬት የለም። እኔ በነበርኩበት በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የሃንጋሪ የምግብ ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው ከ40 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ከፍተኛው። የእኛ 43,700 ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የሆነውን ደግሞ አስቡት። ይኸው ገንዘብ በብር ሲሰላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ደብረሰን ያለው ተማሪ አንዲት ዳቦ አልጨመረም፤ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹ ግን ሀብታም አድርገውት አደሩ።

ልጁ የሄደው ጀርመን ከሆነ ሂሳቡ ሌላ ነው። ቪዛ ለማግኘት የዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ አስቀምጦ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ከዚያ ላይ በወር 992 ዩሮ እያወጣ ይኖራል። በብር ስትመነዝሩት ያስደነግጣል። ነገር ግን ያ ገንዘብ የቤት ኪራዩና የሕክምና ዋስትናው ጭምር ነው፤ የጀርመን መንግሥት ራሱ «ከዚህ ያነሰ ከያዝክ አትምጣ» ያለው መጠን ነው። ትርፍ የለበትም።

ብርዱ ሳይሆን ጨለማው

ስለ ብርዱ አትጨነቁ ለማለት እፈልጋለሁ፤ የቡሌ ልጅ ብርድ አይገድለውም። በረዶ ሲጥል ካፖርት ይለበሳል፤ ቤቱም ክፍሉም ይሞቃል። እኔን የጣለኝ ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ወር ደብረሰን ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ገደማ ትጠልቃለች። ከክፍል ስትወጡ ሌሊት ነው። እኛ አገር ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ብዙም ስለማይለዋወጥ ሰውነታችን ይህን አያውቀውም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለሦስት ሳምንት ያህል ከክፍልና ከአልጋ በቀር የትም አልሄድኩም። እናቴ ስትደውል «እያጠናሁ ነው» እላት ነበር።

የሚያስቁ ነገሮችም ነበሩ። ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስም የሚያስቀድሙ ናቸው፤ የራስ ስም ከኋላ ይመጣል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባቴ ስም በዚያ ቦታ ገባ። ባንክ ቤት ወረፋዬ ደርሶ የአባቴ ስም ሲጠራ ዞር ብዬ ፈለግኩት። ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ፣ የባንክ ሂሳብ፣ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ፣ የትኛውም ቅጽ ላይ የእናት ሙሉ ስም ይጠየቃል። እኛ አገር የእናት ስም የሚጻፈው ስንቴ ነው? ይህን ለእማዬ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «በትክክል ጻፊው» አለችኝ።

ስለ ምግብም አንድ ነገር ልበል፤ ሻንጣ ስታዘጋጁ ይጠቅማችኋል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይችልም። ስለዚህ ቋንጣውም፣ በፍቅር ያነጠራችሁት ቅቤም ኤርፖርት ላይ ሊወሰድ ይችላል። የእኔ ቅቤ እዚያው ቀርቷል፤ እማዬ ዛሬም «ያ ሰውዬ ቅቤዬን በላው» ትላለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና ላኩ። ቆጮ መንገድ አይችልም፤ የደረቀ ቡላ ግን ይችላል። ደብረሰን ላይ ቱሮ የሚሉት አይብ አለ፣ ከእኛ አይብ ብዙም አይለይም። የቡላ ገንፎ ላይ ቱሮ አድርጌ የበላሁ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «በልቻለሁ» ስላት እውነቴን ነበር።

የቆርቆሮው ነገር

በሁለተኛው ዓመት፣ በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አጎቴ ደወለ። የእናቴ ቤት ሣር ክዳን አርጅቶ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ቆርቆሮ ያስፈልጋል። «አንቺ እኮ አውሮፓ ነሽ» አለኝ። የለኝም ማለት አቃተኝ። ሁለት ከብት የተሸጠላት ልጅ የለኝም ትላለች?

ተማሪ በሕግ በተወሰነ ሰዓት መሥራት ይችላል። አንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ዕቃ መለየት ሥራ አገኘሁ። እስከ ንጋት ሣጥን አንሥቼ፣ በትራም ተመልሼ፣ ሁለት ሰዓት ተኝቼ ክፍል እገባለሁ። ከዚያ የፈተናው ጊዜ መጣ። እዚያ ዋናው ፈተና የሚሰጠው የክፍል ትምህርት ካለቀ በኋላ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ በጥር ውስጥ ነው፤ ገና፣ ጥምቀት፣ የእኛም ዳራሮ በሚከበርበት ወቅት። አገር ቤት ሁሉም ደስ ብሎት፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚደውልበት ጊዜ ልጁ የሚጨነቅበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ነጥቡ ከ1 እስከ 5 ሲሆን 1 ውድቀት ነው። በስታቲስቲክስ 1 አገኘሁ። በቂ ክሬዲት ያልሰበሰበ ተማሪ ዕድሉን ሊነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ ያ ቁጥር አንድ ትምህርት መውደቅ ብቻ አልነበረም።

ገንዘቡን ልኬ ነበር። ቆርቆሮው ተመታ። እናቴ እሁድ ደውላ መረቀችኝ፤ ከዚያም «ደህና ነሽ?» አለች። ደህና ነኝ አልኳት።

በሳምንቱ ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎ ሲያወራኝ አፉ አመለጠው፤ «እማዬ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ከባድ አትሸከምም» አለ። የምን ሆስፒታል? ለካ በመስከረም ዲላ ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ለእኔ እንዳይነገር ቤተሰቡ ተማምሏል፤ «ትምህርቷ ላይ እንዳትረበሽ»። የተሸጡትም ከብቶች ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ነበሩ፤ ሦስተኛዋ የምትታለበው ላም ነበረች። በየእሁዱ ሁለታችንም ደህና ነን ስንባባል እሷ አልጋ ላይ፣ እኔ ጨለማ ውስጥ ነበርን።

አለቀስኩ፤ ከዚያም ተናደድኩ። በእናቴ ልናደድ የምችልበት መብት እንደሌለኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በዚያው ቀን መልሼ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ መጋዘኑን፣ ፈተናውን፣ 29 ምሳውን። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ታዲያ ቆርቆሮውን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። የጠየቀኝ አጎቴ ነበር፤ እሷ እስከዚያ ቀን ድረስ ከትርፌ የላክሁላት ይመስላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የእሁድ ጥሪያችን ተለወጠ። «በላሽ ወይ?» ማለቷን ትታ «ስንት ቀረሽ?» ማለት ጀመረች። ቁጥር ሲጠየቅ መዋሸት ይከብዳል። «ፈተናሽ መቼ ነው?» ብላ ቀኑን ወንድሜን ታስጽፈዋለች፤ በዚያ ሳምንት ከዘመድ ማንም እንዳይደውልልኝ ትከለክላለች። «ዛሬ ከማን ጋር በላሽ?» የሚለው ግን ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመኝ ጥያቄ ነው። መልሱ ለተከታታይ ሦስት ሳምንት «ብቻዬን» ከሆነ እናቴ የሚሆነውን ታውቃለች። በእሷ ግፊት ነው ከአንዲት የኬንያ ልጅና ከሁለት ሐበሾች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮ ማብሰል የጀመርነው። ስታቲስቲክሱንም ደግሜ ተፈትኜ 3 አገኘሁ። እኔም በተራዬ ስለ ጤናዋ እጠይቃለሁ፤ «ምን አለሽ?» ሳይሆን «ሐኪም ቤት መቼ ሄድሽ?» ብዬ።

ከዚህ ውስጥ ለእናንተ ቤት የሚሆነውን ውሰዱ። ከተግባሩ በኩል ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። የመጀመሪያው የወር ገንዘብ ቶሎ አይመጣም፤ ልጁ ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ የባንክ ሂሳብ ከፍቶ ነው። ቢያንስ የሁለት ወር ወጪ በእጁ ይዞ መሄድ አለበት። ለሽኝት ድግስ የምታወጡትን ለዚያ አድርጉት። ይህን ስል ዘመድ እንደሚቀየም አውቃለሁ፤ የእኔም ዘመዶች ተቀይመዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ቡሌ ነበርኩ። ዝናብ ነበር፤ እናቴ በሣሩ ጊዜ የዝናብ ድምፅ እንዲህ አያደነቁርም ነበር እያለች ቆርቆሮውን ታማዋለች። ያ አፉ ያመለጠው ወንድሜ በተራው ዕድሉን አግኝቶ ወደ ሃንጋሪ ሊሄድ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እሳት ዳር ተቀምጦ የደብተር ወረቀት ላይ የወር ወጪውን በፎሪንት ሲጽፍ እማዬ በጌዴኦኛ አንድ በአንድ እያስነበበች ታዳምጣለች።

«ምሳ ስንት ነው ያልከው?»

«2 ሺህ ይሆናል አሁን።»

«ገንዘቡ ግን ያው የእህትህ ነው?»

«ያው ነው።»

ዝም ብላ በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ቡላውን ጨምሪለት፤ ሹራቡን አንዱን አውጪው» አለችኝ።