ተጨማሪ መረጃ፦ የአዳማ ነፋስ በቁጥር

አዳማ አጠገብ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 136 ተርባይኖች አሏቸው። እያንዳንዱ ተርባይን የ1.5 ሜጋዋት አቅም ስላለው ድምሩ 204 ሜጋዋት ነው። አዳማ 1 እ.ኤ.አ. በ2012፣ አዳማ 2 ደግሞ በ2015 ሥራ ጀመሩ፤ ወጪያቸው በአብዛኛው የተሸፈነው በቻይና ብድር ነው።

204 ሜጋዋት ግን ተርባይኖቹ ሊደርሱበት የሚችሉት ጣሪያ እንጂ ዘወትር የሚያመነጩት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ (8,760 ሰዓት) ያለማቋረጥ በሙሉ አቅም ቢሠሩ 1.787 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሰጡ ነበር። ነገር ግን የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ በውስጡ ያለው ኃይል ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ ስለ አንድ ጣቢያ መጠየቅ ያለበት ዋናው ጥያቄ «ዘንድሮ ስንት ኪሎዋት ሰዓት አመነጨ?» የሚለው ነው። መልሱን ማወቅ የሕዝብ መብት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፣ አንቀጽ 101 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ የሚመረምር ዋና ኦዲተር አቋቁሟል።

ማሽን ያለ ባለሙያ ብዙ አይራመድም። ከአዳማ በስተደቡብ፣ ላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው የአሉቶ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1998 ቢተከልም፣ በቴክኒክና በጥገና ችግር ለዓመታት ሥራው ተስተጓጉሏል። በአንጻሩ የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መነሻው የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ የሙያ ትምህርት ቤቶችን መምህራን ለብዙ ዓመታት አሠልጥኗል። የአንድ ተርባይን የማርሽ ሳጥን ወይም መቆጣጠሪያ ሲበላሽ አገር ውስጥ የሚጠግነው እጅ የሚገኘው በእንዲህ ዓይነቱ ሥልጠና ነው።