ስለ ትዳር የመከሩ ቄስ



ከእናንተ የተሰበሰበው እህልና ልብስ ወደ ችግረኞች ቤት ሲገባ ሠራተኞቻችን የሚያዩት አንድ ነገር አለ። ባልና ሚስት በማይነጋገሩበት ቤት ርዳታው ብዙም አይረባም፤ እህሉ ተሸጦ ለመጠጥ ይውላል፣ ወይም እናት ልጆችዋን ይዛ ወደ ወላጆችዋ ትመለሳለች። ስለሆነም ስለ ትዳር ምክር መጻፍ ከሥራችን ውጭ ሆኖ አላገኘነውም። ለዚህም ጽሑፍ የመረጥናቸው ሰው ቄስ ዋልተር ትሮቢሽ ናቸው።

ቄስ ዋልተር በ1923 (እ.አ.አ.) በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆነው በሩስያ ግንባር ከተሰለፉ በኋላ ወደ አገልግሎት ገቡ። በ1952 የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ልጅ የሆነችውን ኢንግሪድ ሀልትን አገቡ። የወይዘሮ ኢንግሪድ አባት በ1941 ዛምዛም በምትባል የግብፅ መርከብ ወደ አፍሪካ ሲጓዙ የጀርመን የጦር መርከብ ተኩሶ መርከባቸውን አሰጠመ። እርሳቸው ግን ከሞት ተረፉ፤ እንደገናም ተነሥተው ወደ አፍሪካ ሄዱ፤ በ1943 በዳሬሰላም ዐረፉ። ልጃቸው ያገባችው እንግዲህ የዚያኑ ጦር ልብስ ለብሶ የነበረ ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ ይቅርታን ከመጽሐፍ ብቻ ተምረውታል ለማለት አይቻልም።

ከጋብቻቸው በኋላ በካሜሩን በወንጌል ሥራና በማስተማር አገለገሉ። ተማሪዎቻቸው ከትምህርቱ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው የጥሎሽ፣ የፍቅርና የዘመድ ነገር እንደ ሆነ ቄስ ዋልተር ያስተዋሉት እዚያ ነው። በ1962 በፈረንሳይኛ የወጣችው ትንሿ መጽሐፋቸው «ልጃገረድ ወደድሁ» ከዚህ የተነሣች ናት። መጽሐፏ አንድ ፍራንስዋ የተባለ ወጣት ከመጋቢው ጋር የተጻጻፋቸውን ደብዳቤዎች የያዘች ናት። ወጣቱ ከአንዲት ልጅ ጋር ማደሩን ሳይደብቅ ይጽፋል፤ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት ብትለውም እርሱ ግን ኃጢአትነቱ እንደማይታየው ይናገራል። መጋቢው አይቆጡትም፤ አያባብሉትም። ያደረግኸው መውደድ አይደለም፤ ብትወዳት ኖሮ ነገዋን ታስብላት ነበር ይሉታል። ኋላም ሴሲል የተባለችውን ልጅ ከልቡ ሲወድ አባትዋ ከዐቅሙ በላይ የሆነ ጥሎሽ ይጠይቁታል። መጽሐፏ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጐመች፤ ከብዙ አገሮችም ደብዳቤዎች ጐረፉ። ባልና ሚስቱ እነዚህን መመለስ እንደ ዋና ሥራቸው ቈጠሩት። በ1963 መኖሪያቸውን ወደ ኦስትሪያ ካዛወሩም በኋላ ምክራቸው በደብዳቤና በጉባኤ ቀጠለ።

የምክራቸው መሠረት በ1971 በወጣው «አገባሁሽ» በተባለው መጽሐፍ ተገልጿል። ከዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ሦስት ነገሮችን ያወጣሉ፤ ይኸውም መተው፣ መጣበቅና አንድ ሥጋ መሆን ነው። ሦስቱን እንደ ድንኳን በሦስት ማዕዘን ይሥሉአቸዋል። አንዱ ማዕዘን ከጐደለ ዝናብ ይገባል። ምክር ሊጠይቅ የመጣውን ሰው «የትኛው ማዕዘን ነው የላላው?» ብለው ይመረምራሉ። አንዱ ሚስቱን ይወዳል፤ ግን እናቱን አልተወም፤ በቤቱ የምታዝዘው እናቱ ናት። ሌላው በሕግ አግብቶአል፤ ሆኖም ከሚስቱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወግ የለውም። መተው ማለት ግን ወላጅን መጣል ማለት አይደለም፤ አባትና እናትን መጦር ግዴታ ነው።

በተቃራኒው ያስቀመጡት ሴትን እንደ መሬት፣ ወንድን እንደ ዘሪ የሚያየውን አስተሳሰብ ነው። በዚህ አስተሳሰብ መካን ሴት እንደማታበቅል እርሻ ትቈጠራለች፤ ባልም ሌላ መሬት መፈለጉ እንደ ነውር አይታይበትም። ይህን ስናነብ «ይህ የካሜሩን ጉዳይ ነው» ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ከሽማግሌዎቻችን ልማድ የሚለዩበት አንድ ነጥብ አለ። ሽማግሌ የሁለቱን ወገን ቃል ሰምቶ ጥፋተኛውን ይለያል፤ ካሣ አስከፍሎ ያስታርቃል። ይህ መልካም ነው፤ ብዙ ቤት አድኖአል። ቄስ ዋልተር ግን ፍርድ አይሰጡም፤ ሰውየው የራሱን ችግር በራሱ አንደበት እስኪያወጣው ይጠይቃሉ፤ ይጠብቃሉ። ከሚስታቸው ጋር አብረው ማስተማራቸውና የራሳቸውንም ጠብ በሰው ፊት መናገራቸው ለአድማጮቻቸው እንግዳ ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ ሦስቱ ማዕዘን ለሁሉ በሽታ መድኃኒት ነው አንልም። ቄስ ዋልተር መጋቢ እንጂ ዛሬ እንደምናውቃቸው በሙያው ፈቃድ ያላቸው የቤተሰብ አማካሪ አልነበሩም። ባልዋ የሚደበድባት ሴት «ተጣበቂ» ከመባልዋ በፊት በሰላም የምታድርበት ቤት ያስፈልጋታል።

ቄስ ዋልተር በጥቅምት 1979 በ55 ዓመታቸው በድንገት ዐረፉ። ወይዘሮ ኢንግሪድ እስከ 2007 ኖሩ። ብዙ ዓመት ስለ ትዳር ከባላቸው ጋር ያስተማሩት እናት በ1985 ያሳተሙት መጽሐፍ ብቻን መራመድን ስለ መማር ነው። ከዚያም በኋላ ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ሲመክሩ ቈዩ።