ግንድንና ሳንቃን በይዘት ስለ መለካትና ስለ መግዛት

እንጨት በዐይን ግምት ሲሸጥና ሲገዛ ከሁለቱ አንዱ ሳያውቅ መጎዳቱ አይቀርም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ በየመንደሩ ስለ በዛ፣ ዝግባውና ዋንዛውም ለሳንቃ ስለሚፈለግ፣ ይህ ጉዳት ብዙ ባላገር ያገኘዋል። መከላከያው ግን ገመድና ሜትር፣ ጥቂትም ሒሳብ ነው።

የሳንቃ ይዘት የሚገኘው ቁመቱን በወርዱ፣ የተገኘውንም በውፍረቱ በማባዛት ነው። ሦስቱም በሜትር መቈጠር ይገባቸዋል። ቁመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ሳንቃ፣ 4 ጊዜ 0.20 ጊዜ 0.025 ተባዝቶ 0.02 ሜትር ኩብ ይሆናል። እንግዲህ እንዲህ ያለው 50 ሳንቃ አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል ማለት ነው።

ያልተሰነጠቀ ግንድ ግን በዙሪያው ይለካል። ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ ልጡ ከተላጠ በኋላ ገመዱ በቁመቱ እኩሌታ ላይ ይዞራል። ከሥሩ ቢለካ ገዥ፣ ከጫፉ ቢለካ ሻጭ ይጎዳል። ከዚያም ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ፣ ደግሞ በቁመቱ ተባዝቶ፣ ለ12.57 ይካፈላል። ዙሪያው 1 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንድ 0.32 ሜትር ኩብ ያህል ይዘት አለው። ቁመቱ ያው ሆኖ ዙሪያው 2 ሜትር የሆነው ግን 1.27 ሜትር ኩብ ያህል ነው።

በዚህ ላይ ልብ ማድረግ ይገባል፤ ዙሪያው እጥፍ ሲሆን እንጨቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቀጭኑ 100 ብር የሚያወጣ ቢሆን፣ ወፍራሙን በ200 ብር የሸጠ ሰው በዚያው ዋጋ 400 ብር የሚገባውን ግንድ በእኩሌታ ሰጠ። ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው።

ሌላም ስሌት አለ። ኤድዋርድ ሆፐስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1736 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የታወቀ ሲሆን፣ የዙሪያውን ሩብ በራሱ አባዝቶ በቁመቱ ያበዛል። በዚህ ስሌት ወፍራሙ ግንድ 1 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል፤ ከእውነተኛው ይዘት አንድ አምስተኛ ያህል ይጐድላል። ጕድለቱ በመጋዝ ለሚባክነው እንጨት የታሰበ ነው። ሁለቱ ወገኖች አውቀው ከተስማሙበት ማታለል አይደለም፤ አንዱ ብቻ ካወቀው ግን ሌላው ተጎጂ ነው።

ለማገዶ የተቈለለ እንጨትም በመካከሉ ብዙ ክፍተት ስላለው፣ የቍልሉ አንድ ሜትር ኩብ የግንድ አንድ ሜትር ኩብ አይደለም። ርጥብ እንጨትም ሲደርቅ በወርዱና በውፍረቱ ስለሚኰማተር፣ ልኩ በርጥቡ ወይም በደረቁ መሆኑ አስቀድሞ ይነገር።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎችን ወደ ወደቀ ግንድ ወስደው በገመድ እንዲለኩ ቢያለማምዷቸው፣ ሽማግሎችም በገበያ ዋጋ ከመቈረጡ በፊት የአለካኩ ስምምነት እንዲቀድም ቢያደርጉ፣ ብዙ ክርክር ሳይነሣ ይቀራል።